የሆርና ላቫሉ ላቫል በኋላ ምን ሆነ? የቪሺ ፈረንሳይ ነገር በቀላሉ ሲብራራ

አብዛኞቻችን ላቫል የሚለውን ስም የምናውቀው ከአንድ ቦታ ነው፣ ከትምህርት ቤት ታሪክ። «የሆርና ላቫል ስምምነት» ብለን ሸምድደን ፈተና ላይ ጽፈነዋል፣ በ1935 (አመቶቹንም ወሮቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው) የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ኢትዮጵያን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ የተስማሙበት ወረቀት። ከዛ በኋላ ሰውዬው ከመጽሐፉ ይጠፋል፣ ወደ ማይጨው እናልፋለን፣ አለቀ። እኔም ለብዙ አመት እንደዛው ነበር የማውቀው፣ ስለ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ፈረንሳይ ማንበብ ስጀምር ግን ይሄው ስም ተመልሶ መጣ፣ አንድ ገጽ ላይ አይደለም፣ በየገጹ። ኢትዮጵያን ሊቆርስ የነበረው ሰውዬ ከአምስት አመት በኋላ የራሱን አገር ሪፐብሊክ ያፈረሰ፣ ከሰባት አመት በኋላ ህጻናትን ለናዚ ያስረከበ፣ በአስር አመቱ ደሞ በአገሩ ወታደሮች የተረሸነ ሰው ነው። አንድ ሰው።

ስለዚህ ይሄን ቪሺ የሚባለውን ግራ የሚያጋባ የፈረንሳይ ታሪክ (ፈረንሳይ በ1940 በጀርመን ከተሸነፈች በኋላ የነበራትን መንግሥት ማለቴ ነው) በላቫል በኩል ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ሲያወሳስቡት ነው ያየሁት። ፈረንሳይ ተሸነፈች ወይስ ከሂትለር ጋር ሆነች? መንግሥት ነበራት ወይስ ቅኝ ተገዛች? መልሱ ሁለቱም ነው፣ ሁለቱም የሆነበት ምክንያት ደሞ አንድ አይነት አስተሳሰብ ነው፦ ከጉልበተኛ ጋር ሁሌም መደራደር ይቻላል፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

ላቫል በ1883 መሃል ፈረንሳይ ኦቨርኝ የሚባለው አካባቢ ሻቴልዶን የምትባል ትንሽ ከተማ ነው የተወለደው፣ ቤተሰቡ ማደሪያ ቤት የነበረው ተራ ሰው ነው፣ በራሱ ጥረት ተምሮ ጠበቃ ሆነ፣ ፓሪስ ላይ ለሰራተኛ ማኅበር ሰዎች እየተሟገተ ስም አወጣ፣ በ1914 ሶሻሊስት ሆኖ ፓርላማ ገባ። ከዛ ቀስ እያለ ከግራ ወደ መሃል፣ ከመሃል ወደ ቀኝ ሄደ። ስሙ በፈረንሳይኛ ሲጻፍ ከግራም ከቀኝም አንድ አይነት ስለሚነበብ የዘመኑ ሰዎች «እሱም እንደዛው ነው» ይሉት ነበር። ሀብታምም ሆነ፣ ጋዜጣ ገዛ፣ ራዲዮ ጣቢያ ገዛ፣ የተወለደባትን ከተማ የማዕድን ውሃ ምንጭ ገዛ፣ በልጅነቱ ከሩቅ የሚያየውን የከተማዋን ትልቅ ግንብ ሳይቀር ገዛው። በ1931 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን የአሜሪካው ታይም መጽሔት የአመቱ ሰው ብሎ ፎቶውን ሽፋን ላይ አወጣው። ይሄን የምነግራችሁ ሰውዬው ሞኝ ወይም እብድ እንዳልነበረ እንድታውቁት ነው፣ ብልህ ነበር፣ ተግባቢ ነበር፣ ገበያ ላይ ያደገ ተደራዳሪ ነበር፣ ችግሩም እዛ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደኛ ጉዳይ እንምጣ፣ መጀመሪያ ግን የፈረንሳይን ፍርሃት እንረዳላቸው፣ እሱን ካልተረዳን ቀጥሎ ያለው ሁሉ እብደት ይመስለናል። በመጀመሪያው የአለም ጦርነት 1.4 ሚሊዮን ገደማ ፈረንሳዊ ወታደር ሞቷል፣ የሟቾች ሐውልት የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። ጀርመን በህዝብ ብዛት ትበልጣቸዋለች፣ በ1933 ሂትለር ስልጣን ያዘ፣ እንግሊዝ በግልጽ ከጎናችሁ ነኝ አላለችም፣ አሜሪካ ውቅያኖስ ማዶ በሯን ዘግታለች። በዚህ ሰዓት ሙሶሊኒን ከሂትለር ማራቅ የሚለው ሀሳብ ለብዙ ፈረንሳዊ ጤነኛ ሀሳብ ነበር። በጥቅምት 1934 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ባርቱ ማርሴይ ላይ ከዩጎዝላቪያው ንጉሥ ጋር በነበረበት ጥቃት ህይወቱ አለፈ፣ ቦታውን ላቫል ያዘ፣ ያንን ሀሳብም በራሱ መንገድ ሊፈጽመው ተነሳ።

ጥር 7 ቀን 1935 ሮም ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር ተፈራረመ። ወረቀቱ ላይ ፈረንሳይ ለጣልያን ምን ሰጠች ብትሉ፣ ከቻድ ሰሜን አውዙ የሚባለውን በረሃ፣ ከጅቡቲ ጫፍ ላይ የቀይ ባህር ዳርቻ ቁራሽ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የባቡር ኩባንያም ጥቂት አክሲዮን። ትልቁ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ በግልጽ አልተጻፈም። ላቫል ፈረንሳይ ኢትዮጵያ ውስጥ ያላትን ጥቅም ለጣልያን እንደምትለቅ ነገረው፣ ሙሶሊኒ ደሞ ይሄን «እጅህ ነጻ ነው» ብሎ ተረዳው። በኋላ ላቫል እኔ የፈቀድኩት የኢኮኖሚ ነገር ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ፣ ሙሶሊኒ አይደለም ሁሉንም ነው የሰጠኸኝ አለ። ወልወል ላይ በኢትዮጵያና በጣልያን ወታደሮች መሃል ደም ከፈሰሰ ገና አንድ ወሩ ነው፣ ሙሶሊኒ ምን ሊሰራ እንደፈለገ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፣ ላቫል ቃሉን ደብዛዛ አድርጎ የተወው ስላልገባው ነው ብዬ ማመን አልችልም።

(በነገራችን ላይ ያ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ተግባር ላይ ባይውልም አልሞተም። ጋዳፊ አውዙ የኔ ነው ያለው በሱ ተመርኩዞ ነው፣ ከቻድ ጋር ለአመታት ተዋግተውበት በ1994 ነው የሄጉ የአለም ፍርድ ቤት ለቻድ የፈረደው። በ2008 ኤርትራና ጅቡቲ ራስ ዱሜራ ላይ ሲታኮሱም ይሄው የ1935 ስምምነት ስሙ ተነስቷል።)

ጥቅምት 1935 ጣልያን ወረረች። የመንግሥታቱ ማኅበር ጣልያን ጥፋተኛ ናት ብሎ ማዕቀብ ጣለ፣ ግን ነዳጅ ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፣ የስዊዝ ካናልም አልተዘጋም፣ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ደሞ ጦርነቱን ሊያቆሙ የሚችሉት። በዚህ ሰዓት ላቫል ጠቅላይ ሚኒስትርም ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ነው፣ ስራው ሁሉ ማዕቀቡን ማዘግየትና ማላላት ነበር። በታህሳስ መጀመሪያ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆር ለእረፍት ወደ ስዊዘርላንድ ሲሄድ መንገድ ላይ ፓሪስ ቆመ፣ ሁለቱ ተቀምጠው ታህሳስ 8 እቅዱን ጨረሱ፦ ከትግራይና ከኦጋዴን ሰፊ መሬት ለጣልያን፣ ደቡቡ በአብዛኛው ጣልያን ብቻዋን የምትሰፍርበትና የምትነግድበት ክልል፣ ለኢትዮጵያ ደሞ ማካካሻ ተብሎ ወደ አሰብ የምትወጣበት ቀጭን መተላለፊያ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ርዕስ አንቀጽ ያንን መተላለፊያ «የግመል መንገድ» ብሎ ነው የጠራው። ባለቤቷ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም፣ የጎረቤቱን በሬ አርዶ እንደሚደግስ ሰው ነው የሆኑት።

ሚስጥሩ በማግስቱ የፓሪስ ጋዜጦች ላይ ወጣ። እንግሊዝ አገር ህዝቡ ጮኸ፣ ሆር በአስር ቀን ውስጥ ስልጣን ለቀቀ፣ ላቫል ደሞ ትንሽ ተንገዳግዶ በጥር 1936 መጨረሻ ወደቀ። ያው ለኛ አልጠቀመንም፣ ግንቦት ላይ አዲስ አበባ ተያዘች። ግን ለፈረንሳይስ ምን ጠቀማት? ጥያቄው ይሄ ነው። መጋቢት 1936 ሁሉም አይኑ ኢትዮጵያ ላይ ሳለ ሂትለር ራይንላንድ ውስጥ (ጦር እንዳታስገባበት በውል የተከለከለችው የጀርመን ምዕራባዊ ክልል) ጦሩን አስገባ፣ ማንም አላስቆመውም። በአመቱ መጨረሻ ሙሶሊኒና ሂትለር አክሲስ የሚባለውን ወዳጅነት አወጁ። ሰኔ 10 ቀን 1940 ደሞ ፈረንሳይ በጀርመን ተመትታ ስትወድቅ ሙሶሊኒ ከኋላ ጦርነት አወጀባት። ላቫል በኢትዮጵያ ደም ሊገዛው የፈለገው ወዳጅ ማለት ይሄ ነው።

ላቫል ግን ከዚህ የተማረው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ ናት ያበላሸችብኝ፣ ፓርላማው ነው የጣለኝ ብሎ ቂም ያዘ፣ አራት አመት ጠበቀ።

ግንቦት 10 ቀን 1940 ጀርመን በአርደን ጫካ በኩል ገባች፣ ፈረንሳዮች ታንክ አያልፍበትም ብለው በደንብ ያልጠበቁት ቦታ ነው፣ ሰዳን ላይ ወንዙን ተሻግረው ወደ ባህሩ ሮጡ፣ በስድስት ሳምንት ሁሉም ነገር አለቀ። ሚሊዮኖች አልጋና ፍራሻቸውን መኪና ላይ፣ ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ መንግሥቱም አብሮ ሸሸ፣ ቦርዶ ደረሰ። እዛ ሁለት ሀሳብ ተፋጠጠ። አንደኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ሬይኖና አዲስ የተሾመው ጄኔራል ደጎል የያዙት ነው፣ ወደ ሰሜን አፍሪካ እንሻገር፣ መርከባችን አለ፣ ግዛታችን አለ፣ ከዛ እንዋጋ የሚል። ሌላኛው ማርሻል ፔታን ነው፣ የመጀመሪያው ጦርነት የቨርደን ጀግና፣ የ84 አመት ሽማግሌ፣ ከአገሬ አልወጣም፣ ተኩስ ይቁም የሚል። ፔታን አሸነፈ። ሰኔ 17 በራዲዮ ውጊያው ይቁም አለ፣ ሰኔ 18 ደጎል ከለንደን በቢቢሲ ጦርነቱ አላለቀም አለ፣ የዛን ቀን ደጎልን የሰማው ሰው ግን በጣም ጥቂት ነበር።

እዚህ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ። ፔታን የሄደበት የተኩስ ማቆም ውል ማለት ጦሩ ብቻ እጅ ሰጠ ማለት አይደለም፣ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ ጦርነቱን ማቆም ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ጦሩ ብቻ እጅ ቢሰጥ መንግሥቱ ወጥቶ ሊዋጋ ይችል ነበር፣ እኛ አገር በ1936 ጃንሆይ በጅቡቲ ወጥተው ጄኔቫ ሄደው እንደተሟገቱት፣ አርበኛውም ዱር ቤቴ እንዳለው። ውሉ ግን መንግሥቱን ራሱን አሰረው። የአገሩ ሶስት አምስተኛ፣ ፓሪስና የአትላንቲክ ዳርቻው በሙሉ፣ በጀርመን ጦር ስር ሆነ፣ ደቡቡ «ነጻ» ተብሎ ለፔታን ቀረ። ፈረንሳይ ለያዛት ጦር ቀለብ በቀን 400 ሚሊዮን ፍራንክ ትከፍላለች። 1.5 ሚሊዮን ገደማ ምርኮኛ ጀርመን አገር ይቆያል፣ መያዣ ማለት ነው፣ በየቤቱ አባት ወይ ልጅ ወይ ባል ጎድሏል። ከዛ በኋላ የመጣውን ድርድር ሁሉ ይሄ የምርኮኛ ነገር እንደ ገመድ አንገታቸው ላይ ይዟቸዋል።

መንግሥቱ ቪሺ የምትባል የጠበል ከተማ ገባ (ፈረንጆቹ ለጨጓራና ለጉበት የማዕድን ውሃ የሚጠጡባት)፣ ሆቴል ስለሞላባት ለሚኒስቴሮቹ ትመቻለች፣ ከላቫል ሻቴልዶንም 20 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ማታ ማታ ቤቱ ሄዶ ያድራል።

የላቫል ትልቁ ስራ የመጣው እዚህ ነው፣ በደንብ ልናየው ይገባል። ብዙ ሰው ቪሺን ጀርመን ያቋቋመችው ይመስለዋል፣ ወይም ፔታን መፈንቅለ መንግሥት ያደረገ። አይደለም፣ የፈረንሳይ ፓርላማ ራሱ ነው ድምጽ ሰጥቶ ራሱን ያጠፋው። ላቫል ያንን የጠበቃ አንደበቱን ይዞ ለቀናት በየሆቴሉ፣ በየኮሪደሩ፣ በየካፌው ዞረ፣ አንዱን ሹመት ቃል ገባለት፣ አንዱን ጀርመኖች 50 ኪሎሜትር ላይ ናቸው ብሎ አስፈራራው፣ አንዱን ወታደሮቹ ራሳቸው ስልጣን ሳይይዙ እኛ በህግ እንስጥ አለው። ሁኔታውም አገዘው። ኮሚኒስቶቹ ቀድመው ተባረዋል፣ መዋጋት የፈለጉ 27 የፓርላማ ሰዎች ማሲሊያ በሚባል መርከብ ወደ ካዛብላንካ ሄደው እዛ ቀርተዋል፣ ቪሺ ላይ ከዳተኛ ተብለው ስማቸው ይጠፋል። ሐምሌ 3 ደሞ የእንግሊዝ ባህር ኃይል የፈረንሳይ መርከቦች ጀርመን እጅ እንዳይገቡ ብሎ አልጄሪያ ዳርቻ መርስ ኤል ከቢር ላይ መታቸው፣ 1,300 የሚጠጋ ፈረንሳዊ መርከበኛ ሞተ፣ ከእንግሊዝ ጋር እንቀጥል የሚለው ወገን አፉ ተያዘ።

ሐምሌ 10 ቀን 1940 በቪሺ ካዚኖ ቲያትር አዳራሽ ተሰበሰቡ። የቀረበው ሀሳብ ሙሉ ስልጣን ለፔታን ይሰጥ፣ አዲስ ህገ መንግሥት ያውጣ የሚል ነው። 569 እሺ አሉ፣ 80 እምቢ አሉ። ቬንሳን ባዲ የሚባል የፓርላማ አባል እምቢታውን ሊናገር ወደ መድረኩ ሲወጣ ይዘው መለሱት። እሺ ያሉት ደሞ ቀኝ ክንፎች ብቻ አይደሉም፣ ይሄ ያው በ1936 የነ ሊዮን ብሉምን የግራ መንግሥት ያመጣው ምክር ቤት ነው፣ ብዙ ሶሻሊስት እሺ ብሏል። ለምን ብትሉ፣ ፈርተው፣ ደክመው፣ ሽማግሌው ያውቅልናል ብለው፣ ጀርመን ማሸነፏ አይቀርም ብለው። በማግስቱ ፔታን ራሱን የመንግሥቱ አለቃ አድርጎ አወጀ፣ ፓርላማው ላልተወሰነ ጊዜ ተበተነ፣ «ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት» የሚለው መሪ ቃል ቀርቶ «ስራ፣ ቤተሰብ፣ አገር» ተባለ፣ ሪፐብሊክ የሚለው ቃል ራሱ ጠፋ። 70 አመት የቆየው ሶስተኛው ሪፐብሊክ በአንድ ከሰአት አለቀ።

ቪሺ ከዛ በኋላ የሰራውን ሁሉ ጀርመን አስገድዳው ነው ማለት አይቻልም። ጥቅምት 3 ቀን 1940 አይሁዶችን ከመንግሥት ስራ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጋዜጣ የሚያባርር ህግ ሲያወጣ ጀርመን አውጣ አላለችውም፣ በራሱ ነው ያወጣው። በዛው ወር ሞንትዋር ባቡር ጣቢያ ላይ መጀመሪያ ላቫል ቀጥሎ ፔታን ሂትለርን አገኙት፣ ፔታን እጁን ሲጨብጥ ፎቶ ተነሳ፣ ወዲያው በራዲዮ «የትብብርን መንገድ ይዣለሁ» አለ። እኛ በአንድ ቃል ባንዳ የምንለውን እነሱ በወግ ሲጠሩት ማለት ነው። ልዩነቱ ባንዳ ብዙ ጊዜ ከመንግሥት ከድቶ ነው የሚሄደው፣ እዚህ ግን መንግሥቱ ራሱ ነው የሄደው፣ ስለዚህ ተራው ፖሊስ፣ ተራው ጸሐፊ፣ ተራው ዳኛ እንደ ወትሮው ቢሮ ገብቶ የታዘዘውን ሲሰራ ባንዳ ሆኖ ያመሻል። ቪሺን ከባድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ታህሳስ 1940 ፔታን ላቫልን አባረረው፣ አይዋደዱም ነበር፣ ግን ትብብሩ አልቆመም፣ ከሱ በኋላ የመጡትም ያንኑ ነው የቀጠሉት። ስለዚህ ላቫልን ብቻ ሰይጣን ማድረግ ለሌሎቹ መሸሸጊያ ነው።

ቪሺ ለኛ ጎረቤትም ነበር። ጅቡቲ በቪሺ ስር ነበረች። ግንቦት 5 ቀን 1941 ጃንሆይ አዲስ አበባ ሲገቡ የባቡሩ ሌላኛው ጫፍ ገና የፔታን ነው፣ እንግሊዞች በየብስም በባህርም ዘግተውባት ህዝቡ ተርቦ እስከ 1942 መጨረሻ ቆየች። በዛው በ1941 መጀመሪያ ግን ደጎልን የተከተሉት ፈረንሳዮች ኤርትራ ውስጥ ከረን አካባቢና ምጽዋ ላይ ጣልያንን እየወጉ ነበር፣ ምጽዋን ከያዙት መሃል እነሱ አሉ። አንዱ ፈረንሳይ ጣልያንን ሲወጋ ሌላው ፈረንሳይ ጅቡቲ ላይ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል።

ሚያዝያ 1942 ላቫል በጀርመኖች ግፊት ተመለሰ፣ አሁን የመንግሥቱ ኃላፊ ሆኖ፣ ፔታን ከላይ ምስል ብቻ እየሆነ። ሰኔ 22 በራዲዮ «የጀርመንን ድል እመኛለሁ፣ እሷ ካላሸነፈች ነገ ቦልሼቪዝም በየቦታው ይሰፍናል» አለ፣ ይሄን አረፍተ ነገር ፈረንሳይ እስከዛሬ አልረሳችውም። በዛው ንግግር አንድ ድርድር ይዞ መጣ፦ ጀርመን ሰራተኛ ትፈልጋለች፣ እኛ ምርኮኞቻችንን እንፈልጋለን፣ ሶስት ባለሙያ ሰራተኛ ወደ ጀርመን ሲሄድ አንድ ምርኮኛ ይመለስልናል። ሂሳቡን አያችሁት? ሶስት ሰጥተህ አንድ። ፈቃደኛ ጠፋ፣ በየካቲት 1943 ግዴታ ሆነ፣ ወጣቱን በልደት አመቱ እየጠሩ መላክ ተጀመረ፣ ከ600 ሺህ በላይ ሰው በግድ ሄደ። እምቢ ያለው ጫካ ገባ፣ ከዛ በፊት በየከተማው በድብቅ ጋዜጣ ማተም የነበረው ተቃውሞ ተራራ ላይ አርበኛ ያገኘው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ድርድር አይሁዶቹ ናቸው። በ1942 ክረምት ጀርመኖች ከፈረንሳይ አይሁዶችን ወደ ምስራቅ መላክ ፈለጉ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ግን ለዛ የሚበቃ ፖሊስ የላቸውም። ላቫልና የፖሊስ አለቃው ሬኔ ቡስኬ ተደራደሩ፦ የፈረንሳይ ዜጋ የሆኑትን ለጊዜው ተዉልን፣ የውጭዎቹን፣ ከፖላንድ ከጀርመን ከሩስያ ሸሽተው የመጡትን፣ የኛ ፖሊስ ራሱ ይይዝላችኋል። ተመልከቱ፣ ያው የ1935ቱ ሂሳብ ነው፣ የኛ ያልሆነውን ሰጥተን የኛን እናድን። ጀርመኖች በዛ ሰአት ከ16 አመት በታች ያሉ ህጻናትን ገና አልጠየቁም ነበር፣ ልጆቹም ከቤተሰባቸው ጋር ይሂዱ ያለው ላቫል ነው። ቤተሰብ እንዳይለያይ ብዬ ነው አለ።

ሐምሌ 16 እና 17 የፓሪስ ፖሊስ በመዝገብ የተያዘ ስምና አድራሻ ይዞ በየደረጃው ወጣ፣ አፈሳው በሁለት ቀን 13 ሺህ ሰው ያዘ፣ ከነሱ ከ4 ሺህ በላይ ህጻናት ናቸው፣ አብዛኞቹ ልጆች እዛው ፈረንሳይ የተወለዱ። ቤተሰብ ያለውን ቬል ዲቭ የሚባል የብስክሌት ውድድር አዳራሽ ውስጥ አጎሩት፣ በሐምሌ ሙቀት፣ ውሃ እንደልብ በሌለበት፣ ለቀናት። ከዛ ወደ ካምፕ ተወሰዱ፣ እናቶቹ ቀድመው ተጫኑ፣ ህጻናቱ ብቻቸውን ቀርተው ከሳምንታት በኋላ አውሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚ መግደያ ካምፕ ተላኩ። ላይለያዩ የተባሉት ተለያይተው ሞቱ። የያዟቸው ፈረንሳዊ ፖሊሶች ናቸው። ነሐሴ ላይ ደሞ አንድም የጀርመን ወታደር ከሌለበት ከደቡቡ 10 ሺህ ገደማ ሰው ተይዞ ተላልፎ ተሰጠ፣ ይሄንን ማንም ጀርመን መሳሪያ ደግና ነው ሊል አይችልም። በጠቅላላው ከፈረንሳይ 76 ሺህ ገደማ አይሁዶች ተወስደው የተመለሱት 2,500 አካባቢ ብቻ ናቸው።

የላቫል ጠበቃዎች፣ ዛሬም ያሉ፣ ከፈረንሳይ አይሁዶች ሶስት አራተኛው ተርፏል እኮ ይላሉ። እውነት ነው ተርፏል፣ ላቫልም በ1943 ዜግነት ያገኙትን የሚያስነጥቀውን ህግ አልፈርምም ብሏል። ግን ያተረፋቸው ማነው? የቱሉዙ ሊቀ ጳጳስ ሳልዬዥ እነዚህ ሰዎች ወንድሞቻችን ናቸው ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ነሐሴ 1942 በየቤተክርስቲያኑ ሲነበብ፣ ሻምቦን ሱር ሊኞን የሚባለው መንደር ገበሬዎችና ፓስተሮች ልጆችን ሲደብቁ፣ አንዳንድ ፖሊስም ነገ እንመጣለን ብሎ ቀድሞ ሲያስጠነቅቅ ነው። ላቫል እጁን ያቀዘቀዘው ህዝቡ ካጉረመረመና ጀርመን ልትሸነፍ እንደምትችል ከገባው በኋላ ነው።

ህዳር 1942 አሜሪካና እንግሊዝ ሰሜን አፍሪካ ሲያርፉ ጀርመን ደቡቡንም ያዘች፣ የፈረንሳይ መርከቦች ቱሎን ላይ ራሳቸውን አሰጠሙ። ከዛ በኋላ ለላቫል የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፣ መሬት የለ፣ መርከብ የለ፣ ጦር የለ፣ የቀረው ሰው ብቻ ነው፣ ሰው መስጠቱን ቀጠለ።

ሌላኛው ፈረንሳይ በዚህ መሃል እያደገ ነበር፣ እሱም ከአፍሪካ ነው የጀመረው። ነሐሴ 1940 የቻድ ገዥ ፌሊክስ ኤቡዌ፣ ከፈረንሳይ ጉያና የመጣ ጥቁር ሰው፣ ሁሉም ለፔታን ሲሰግድ እኔ ከደጎል ጋር ነኝ አለ፣ ደጎል ከለንደን ቢሮ አልፎ የሚቆምበት መሬት ያገኘው በሱ ነው። አገር ውስጥ ደሞ ዣን ሙላ ነበር፣ በፓራሹት ወርዶ የተበታተኑትን የተቃውሞ ቡድኖች ግንቦት 1943 በአንድ ምክር ቤት አገናኛቸው፣ በወሩ ሊዮን አጠገብ ተያዘ፣ ክላውስ ባርቢ የሚባል የጌስታፖ (የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ) መኮንን አሰቃየው፣ ከሞት በፊት ምንም አልተናገረም።

ፓሪስ ነሐሴ 25 ቀን 1944 ነጻ ወጣች፣ ላቫልን ጀርመኖች ይዘውት ሄዱ፣ መጨረሻ ላይ በአውሮፕላን ስፔን አመለጠ፣ ስፔን መለሰችው። ጥቅምት 1945 የቀረበበት ችሎት አሳፋሪ ነበር፣ ምርመራው ሳያልቅ ተጣደፈ፣ ዳኝነት የተቀመጡት ሰዎች ከወንበራቸው ሆነው ይሰድቡታል፣ እሱም አልቀርብም ብሎ ቀረ፣ ሞት ተፈረደበት። ይሄ እኔን በጣም ያሳዝነኛል፣ ለሱ ብዬ ሳይሆን እነዛ ህጻናት ስለሄዱበት ነገር አንድ በአንድ ሊጠየቅ የሚገባው ሰው በጩኸት መሃል ስላመለጠ ነው። ጥቅምት 15 ጠዋት ሊወስዱት ሲመጡ መርዝ ዋጠ፣ መርዙ አርጅቶ ነበርና አልገደለውም፣ ሐኪሞች ሆዱን አጥበው ነፍሱን መለሱለት፣ ነጭ ክራባቱን እንዳሰረ ፍሬን እስር ቤት ግቢ ውስጥ ተረሸነ። ፔታንም ተፈርዶበት ነበር፣ ለእድሜው ተብሎ ወደ እድሜ ልክ ተቀየረለት፣ በ1951 በ95 አመቱ ደሴት ላይ ሞተ።

ከዛ ዝምታ መጣ። ደጎል አገር ማስታረቅ ነበረበት፣ ቪሺ ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር፣ እውነተኛዋ ፈረንሳይ ለንደን ነበረች አለ፣ ህዝቡም ሁላችንም አርበኛ ነበርን የሚለውን መረጠ። ቡስኬ ቀላል ቅጣት ተፈርዶበት ያም ቀርቶለት የባንክ ሰው ሆኖ ኖረ፣ ራሱ ቪሺ ውስጥ ሰርቶ በኋላ ተቃውሞውን የተቀላቀለው ፕሬዚዳንት ሚተራን ወዳጁ ነበር፣ በመጨረሻ ለፍርድ ሳይቀርብ በ1993 ደጁ ላይ ተገደለ። ሞሪስ ፓፖን ቦርዶ ላይ አይሁዶች የተጫኑበትን ወረቀት የፈረመ ባለስልጣን ነበር፣ በ1961 አልጄሪያውያን ሰልፈኞች ፓሪስ ውስጥ ሲገደሉ የከተማዋ ፖሊስ አለቃ እሱ ነበር፣ ቀጥሎም የበጀት ሚኒስትር ሆነ፣ የተፈረደበት በ1998 ነው። ፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ሐምሌ 16 ቀን 1995 ቬል ዲቭ በነበረበት ቦታ ቆሞ የወራሪውን ወንጀል ፈረንሳዮች፣ የፈረንሳይ መንግሥት፣ አግዘውታል ብሎ በይፋ ሲናገር 53 አመት አልፎ ነበር።

ቪሺ ላይ ያ አዳራሽ አሁንም አለ፣ ኦፔራ ቤት ነው። ስለዛ ቀን የሚናገር ጽሑፍ ተሰቅሎበታል፣ 80 የፓርላማ አባላት እዚህ ለሪፐብሊኩና ለነጻነት ያላቸውን ፍቅር በድምጻቸው አሳዩ ይላል። ስለ 569ኙ አንድም ቃል የለውም።